ከአርባ አንደኛው ደቂቃ የጣልኩት ድምፅ

ሮቤ፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወዚር፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የደሎ መናው አውቶቡስ ሹፌር ዳቢሴ ነው። "አልቀበልም ካለህ መልሰህ አምጣው" ብዬዋለሁ፤ ስለዚህ እያነበብከው ከሆነ ቢያንስ ከእጁ ወስደኸዋል። የድሮ ስልክህ አይሠራም። በኢሜይል የላክሁልህን አምስት መልእክት አልከፈትካቸውም። አልፈርድብህም፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አልከፍታቸውም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የስህተት ሪፖርት ስታነብ እንደምታደርገው ከታች ወደ ላይ እንዳታነበው። ይህኛው ከላይ ካልተጀመረ አይገባም፣ እኛ ደግሞ ያለን ጊዜ እስከ እሑድ ብቻ ነው።

የምጽፍልህ ስለ እናትህና ስለ ጎባው ቤት ነው። አዴ ረቢያ ያን ቀን በሽማግሌዎች ፊት አልተስማማሁም ብለው ነበር። ድምፃቸውን ሰማሁት፣ ወዚር። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እዚሁ ሮቤ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳይሰማ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አንተ የምታውቀውን ሁሉ እንደገና ስነግርህ ታገሠኝ። እኔ የቱ ጋ እንዳልገባኝ እንድታይ ብዬ ነው።

ማጫወቻችንን ሳነቴን የጀመርነው ለአንዲት የአጋርፋ ሙሽራ ስንል ነበር። የሰርጓን ቪዲዮ ይዛ መጣች፤ የተቀረጸበት ስልክ መሐል ላይ ባትሪው አልቆ ፋይሉ በየትኛውም ማጫወቻ አልከፈት ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን አዝናለሁ ብሎ ይሸኛት ነበር። አንተ ግን አሥራ አንድ ቀን ተቀምጠህ መጨረሻው የተቆረጠ ፋይል የሚያነብ ኮድ ጻፍክ። አባቷ በግ እየጎተተ ሲመጣ ያኔ የነበርክበት ዩኒቨርሲቲ ዘበኛ አላስገባም ብሎ በጉ በር ላይ ታስሮ ዋለ። ስሙን ከጎባ ሽቅብ ከሚታየው ሜዳ የወሰድከው አንተ ነህ። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ይሰማል አልከኝ። እኔ እዚያ ላይ የሚሰማው ብርድ ብቻ ነው ብዬ ቀለድኩብህ።

ከዚያ ኮዱን ለዓለም ከፈትነው፤ የፈለገ ያንብበው፣ የቻለ ያስተካክለው ብለን። ፊቱን አይተን የማናውቅ ፖላንዳዊ የግርጌ ጽሑፉ እየተደራረበ የሚመጣበትን ስህተት አቃናልን። አንዲት የኢንዶኔዥያ ልጅ በርካሽ ስልክ ላይ ለምን በራሱ እንደሚዘጋ ደርሳበት መፍትሔውን ላከች። እኛም በየሳምንቱ ስህተት እንለቅማለን፤ አንዱን ስንዘጋ ሁለት ይከፈታል። ለባሌ ሕዝብ ግን ያዳረስኩት እኔ ነኝ። ተበላሽቶ ሱቄ የገባ ስልክ ሁሉ ሳነቴ ተጭኖበት ነው የሚወጣው። ባለቤቱ ጠየቀኝም አልጠየቀኝም እጭንለታለሁ፤ ይህን ደግሞ እንደ ትልቅ ውለታ እቆጥረው ነበር።

አንድ ሕግ አውጥተህ ነበር። ድምፅን የሚነካ ለውጥ ሁለታችንም "ይግባ" ሳንል አይገባም። እኔ ፈሪ ነህ ብዬ ስቄብሃለሁ።

ከዚያ "ዝምታ ዝለል" መጣ። የጠየቁን ተማሪዎች ነበሩ፤ መምህራቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ማጫወቻው ያንን ባዶ ቦታ ዘሎ ቢያልፍልን አሉ። በሦስት ቀን ጻፍኩት። በሃያ ስድስት ቅጂዎች ሞከርኩት፤ ስብከት፣ ዳዕዋ፣ የክፍል ትምህርት። እንደ ቅቤ ፈሰሰ። አንተ ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍክ። "ቀስ ያለ ድምፅ ዝምታ አይደለም። ይህ አይግባ።" እኔ ምን ብዬ መለስኩ? ስሜትህን ሳይሆን ማስረጃ አምጣ። ያንን ሁሉም ሰው በሚያየው ገጽ ላይ ጻፍኩት። አሥራ አራት ሰው ወደደልኝ። በዚያው ቀን ሕግህን ጥሼ ብቻዬን አስገባሁት። ተጠቃሚው እንዲመርጠው እንኳ አላደረግሁም፤ ከተጫነ ጀምሮ የበራ ነው።

ሃያ ስድስቱን ቅጂዎች ባለፈው ሳምንት መልሼ አየኋቸው። ሁሉም የወንድ ድምፅ ናቸው፤ ሁሉም ማይክራፎን አፋቸው ላይ ደቅነው የሚናገሩ። አንዲት ሴት የለችባቸውም። እኔ ሴት ሆኜ ይህን ሳላየው ማለፌ እስካሁን ያናድደኛል።

ደግሞስ የእናትህን ድምፅ አላውቀውም ነበር? በዒድ ቀን ጎባ ስትወስደኝ ጩኮ አቅርበውልኝ፣ ብይ እያሉኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ሲጠይቁኝ፣ ለመስማት ማኘክ ማቆም ነበረብኝ። አንተና እህትህ ሰቢሪና ለምዳችሁት ታወራላችሁ፣ እኔ አፌን ይዤ እጠብቃለሁ። ከቤታችሁ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እናትህ የሚናገሩት ለራሳቸው ነው እንዴ ብዬህ በጣም ስቀሃል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። የአንተን ቤተሰብ ጉዳይ ያኔ አልነገርከኝም፣ እኔም አልጠየቅሁህም። በዚያ ወር የምንነጋገረው ስለ ኮድ ብቻ ነበር፤ እሱም በንዴት። የሆነውን አሁን የነገሩኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ ጃለታ ናቸው። አጎትህ ዓብዱልፈታሕ ግቢው የአባታችን ነው፣ ወንድሜ ስለሞተ ቤቱ ወደ እኔ ይመለስ ማለታቸውን፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መቀመጣቸውን፣ እናንተ ሰፈር ከጥቂት ዓመት ወዲህ በቃለ ጉባኤ ፈንታ በኦቦ ጃለታ ስልክ እንደሚቀረጽ። ስልኩ እሳቸው እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ሴቶች በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ቤቱ ለዓብዱልፈታሕ ይሁን፣ የምትቃወሙ ካላችሁ ተናገሩ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ከሦስተኛው በኋላ ዝም ያለ ተስማምቷል። ያን ቀን ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ እናትህ ተናገሩ፣ ፊት የተቀመጡት አልሰሙም፣ ምርቃት ተጀመረ። እናትህ በነጋታው እኔ እኮ አልፈቀድኩም ሲሉ ሽማግሌዎቹ ቅጂውን ከፈቱ። በሳነቴ። የእናትህ ድምፅ የለበትም።

ያን ጊዜ ነው ሪፖርቱን የላክህልኝ። "አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ የሰው ንግግር ይጠፋል" የሚል፣ ፋይሉን አያይዘህ። እናቴ ናት አላልክም። ለምን አላልክም? ስሜትህን ሳይሆን ማስረጃ አምጣ ብዬህ ስለነበር ነው፤ አውቃለሁ። ፋይሉን ከፈትኩት። በምን ከፈትኩት? በሳነቴ፣ ያውም ዝምታ ዝለል እንደበራ። ድምፁን የጣለው ማጫወቻ ድምፅ መጣሉን እንዲነግረኝ ጠበቅሁ። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲጠይቁ፣ ወዲያው ደግሞ ሲመርቁ ሰማሁ። "ችግሩ አልታየም" ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ስህተት ጀማሪ ተማሪ ቢሠራው ቆሜ እስቅበት ነበር።

እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቅርታ መጠየቁ ይቀለኝ ነበር፤ የከፋው ግን የመጣው ሪፖርቱን ከዘጋሁ በኋላ ባለው ዓርብ ነው። አንድ ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹን በከንፈሬ ይዤ ነበር። ኦቦ ጃለታ ደወሉ።

"ያ ኢንተላ፣ ነጋ ጅርታ?" ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ። "ይቺ የጫንሽልን ማጫወቻ የሰው ቃል ትጥላለች ወይ? አስበሽ መልሺ፣ ሰው እየሰማሽ ነው።"

ብሎኖቹን እጄ ላይ ተፋሁና "አትጥልም ኦቦ ጃለታ" አልኳቸው። "ወዚር የላከውንም አዳምጫለሁ። ምንም የለበትም።"

"ጋለቶሚ" ብለው አመስግነው ዘጉት።

አልዋሽህም፣ የመሰለኝ ሌላ ነው። በኮድ የተሸነፍከውን በሽማግሌ ልታሸንፈኝ የከሰስከኝ መሰለኝ። ተናድጄ ስለነበር ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ አንተ መቀመጥህን፣ ድምፁን በራስህ ስልክ በሌላ ማጫወቻ አሰምተሃቸው አጎትህ ማጫወቻውን የሠራው ልጇ ነው፣ ድምፁንም እሱ ነው ያስገባው ማለታቸውን፣ ሽማግሌዎቹ ሥራውን የሚያውቅ ገለልተኛ ሰው ማነው ሲሉ የእኔን ስም የጠራኸው አንተ ራስህ መሆንህን ያወቅሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። ሀዋኒ እውነቱን ትናገራለች ብለህ ነበር አሉ። ከዚያ የእኔ ድምፅ በስልኩ ጥርት ብሎ ተሰማ።

በሳምንቱ ከሳነቴ ወጣህ። ስምህን ከገጹ ላይ አላነሳሁትም፤ ይመለሳል እያልኩ ሳይሆን፣ ማንሳቱን እንደ መሸነፍ ስላየሁት ነው። ማር እየነገድክ ነው ሲሉኝ ደግሞ አኮረፈ ብዬ ሰው ፊት አሾፍኩብህ። እናትህን ደሎ መና ወደ ዘመዶቻቸው ማውረድህን አላወቅሁም።

ረቡዕን ልንገርህ። ከመስከረም ጀምሮ የድምፁን ክፍል እንደገና እየጻፍኩት ነው። የኢንዶኔዥያዋ ልጅ ዝምታ ዝለል የቃላትን ጫፍ ይቆርጣል ብላ ሪፖርት ላከች፤ እሷን እንደ አንተ ላባርራት አልቻልኩም፣ ምሳሌዎቹን በቁጥር ደርድራ ነው የመጣችው። ስለዚህ ማጫወቻው የሚጥለውን ሁሉ እየሰበሰበ በሌላ ፋይል የሚያስቀምጥ መሞከሪያ ሠራሁ። ምን እንደሚጥል በጆሮዬ ልሰማ አልኩ። ረጅም ቅጂ ፈለግሁና ከተዘጉት ሪፖርቶች ውስጥ የአንተን አገኘሁ። ርዝመቱ ስለተስማማኝ ብቻ ነው የመረጥኩት።

ሰባት ደቂቃ ያህል ጥሎ ነበር። ከውጭ ኮምባይነሮቹ ወደ ስንዴው እየሄዱ መንገዱን ያናውጡት ስለነበር ኤርፎን አደረግሁ፤ ዳቦዬንም እየበላሁ ነው። ዝናብ። ሳል። ብርጭቆ ሲቀመጥ። ዶሮ። ደግሞ ዝናብ። ከዚያ አንዲት ሴት።

"አኒ ሂን ሄየምኔ" አለች። "መኒ ኩን ከን እጆሌ ኮቲ።"

እኔ አልፈቀድኩም፣ ይህ ቤት የልጆቼ ነው። አራት ሰከንድ ነው። ከዚያ ነጠላ ሲስተካከል የሚመስል የጨርቅ ድምፅ፣ ከዚያ ዝናብ። እኔ ደግሞ ማኘክ አቁሜ ነበር፣ ወዚር። ማን እንደሆኑ ያወቅሁት በዚያ ነው። ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሰማሁት አላውቅም። አንዲት ሴት ስልኳን ልትወስድ መስኮቱን ብታንኳኳ ነገ ነይ አልኳትና ሱቁን ዘጋሁ።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎባ ሄድኩ። ኦቦ ጃለታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ገብተው ያንን ስልክ ከኮመዲኖው አወጡት፣ ቻርጅ እስኪያደርግ ጠበቅን። ሻይ አላዘዙልኝም። ፋይሉ እዚያው እንዳለ ነው። መጀመሪያ እንደነበረው አጫወትኩላቸው፤ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ወዲያው ምርቃቱ። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ዝምታ ዝለልን አጠፋሁና ከዚያው ቦታ መልሼ አጫወትኩት። ጆሯቸውን ስልኩ ላይ አስጠጉ። ሦስተኛው ጥያቄ አለፈ፣ ዝናቡ መጣ፣ እናትህ ተናገሩ።

"ድገሚው" አሉ። ደገምኩት።

"ይቺን ነገር ማን አበራት?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"ስልኩን ሳስተካክልልዎ።"

"ሳትነግሪኝ?"

"ሳልነግርዎ።"

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እኔ ባሏ የሞተባትን ሴት ዋሾ ብያለሁ" አሉ። "በአንቺ ቃል። ልጇ ፍርድ ቤት እንሂድ ሲላት እምቢ ብላ ነው የሄደችው፣ ዋሾ የተባልኩት እዚህ ነው፣ የምነጻውም እዚህ ነው ብላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ሲነሳ ወሬ ስቀይር ነው የኖርኩት።" ድምፃቸው አልተቀየረም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አታልቅሺ አላሉኝም፣ ደግ አደረጉ።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የመጣሁት በራሴ ላይ ልመሰክር ስለሆነ ሰሙኝ፤ ግን ስልክ ብቻውን የተዘጋ ቃል አይከፍትም አሉ። የተናገረችው ራሷ መጥታ፣ በተቀመጠችበት ተቀምጣ፣ የተጠየቀችውን ተጠይቃ ትመልስ። እሑድ ኅዳር 21 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ዓብዱልፈታሕ ቆርቆሮውን ለማውረድ ሠራተኛ ቀጥረው ነበር፤ እስከ እሑድ ጣሪያው እንዳይነካ ተባለ። ካልመጣች ግን ቃሉ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ይፈርሳል፣ ሁለተኛም አይነሳም። አባትህ በገዛ እጃቸው የመረጉትን ግድግዳ ማለቴ ነው።

ትናንት አጎትህ ሱቄ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

"ሁለት ዓመት አትጥልም ብለሽ ዛሬ ትጥላለች ትያለሽ" አሉኝ። "የዋሸሽው የትኛውን ቀን ነው?"

"የያኔውን ተሳስቼ ነው፣ አጎቴ።"

"አሁን ኮምፒውተር የሞተ ሰው ያናግራል እየተባለ ነው። በሕይወት ያለችን ሴት ማናገር አያቅትሽም። ይህን እሑድ በሰው ፊት እጠይቅሻለሁ። የሮቤም የጎባም ሰው ስልኩን ለማን እንደሚሰጥ ያስብበታል።"

ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ሁሉንም በእርጋታ ነው የተናገሩት። እኔ ግን እንደ ፈራሁ ልንገርህ። ይህች ሱቅ ብትዘጋ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሊወጡ ሲሉ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ ኦቦ ጃለታ ማን የት እንደተቀመጠ ነግረውኝ ነበር።

"ያን ቀን ከአዴ ረቢያ ፊት የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። በሩ አጠገብ። እርስዎ አልሰሙም?"

መስኮቱ ላይ ከደረደርኳቸው ስልኮች አንዱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

"ዝናብ ነበር" አሉና ሄዱ።

አልሰማሁም አላሉኝም፣ ወዚር። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ። ይህን ለሽማግሌዎቹ አልተናገርኩም፤ ለአንተ ግን ልደብቅህ አልፈለግሁም።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። እናትህን ይዘህ ና። ዳቢሴ ቅዳሜ ከደሎ መና ሲነሳ ከኋላው ያሉትን ሁለት የፊት ወንበሮች ይይዝላችኋል፤ ሪራ ላይ ጭጋግ ካለ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ አስጠንቅቄዋለሁ። ጎባ የምታድሩበት የእናቴ እህት ጋ ተዘጋጅቷል፤ ዘመድ ቤት ይሻለናል ካላችሁም እንደፈለጋችሁ። ለእኔ ስትል አትምጣ። ከእኔ ጋር መነጋገር ካልፈለግህ ሰላም ሳትለኝ መቀመጥ ትችላለህ። ይቅርታዬን በዚህ ወረቀት አልጨርሰውም፤ ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ እዚያው በሰው ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ፣ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ አንተን። አጎትህ የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ያኔ በስልክ የተናገርኩትንም ቃል በቃል እደግመዋለሁ፣ እኔው ነኝ ያልኩት ብዬ።

እናትህ ይህን ስትነግራቸው ምን እንደሚሉ አላውቅም። ምናልባት በቃኝ ይላሉ። እንደዚያ ካሉ አልፈርድባቸውም። ግን ዋሾ ሳይሆኑ በቃኝ ማለትና ዋሾ ተብለው በቃኝ ማለት አንድ አይደለም፤ ይህንን ልትነግራቸው የምትችለው አንተ ነህ።

ስለ ሳነቴ ደግሞ ሁለት ነገር ላሳውቅህ። ዝምታ ዝለልን ዓርብ ዕለት ለሁሉም ሰው አጥፍቼዋለሁ፤ አዲሱ ማሻሻያ ወጥቷል፣ ምክንያቱንም በስሜ ጽፌዋለሁ፣ የሰደቡኝም አሉ። ሪፖርትህን እንደገና ከፍቼ "ችግሩ አልታየም" ያልኩትን ሳላጠፋ ከሥሩ "ችግሩ እኔ ነበርኩ" ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛው ጥገና አልቋል፤ ቀስ ያለ ድምፅ ያለበትን ቦታ አይነካም። የኮዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያን ጊዜ የጻፍከውን ዓረፍተ ነገር አስቀምጫለሁ። ግን አላስገባሁትም። ድምፅን የሚነካ ለውጥ ስለሆነ የአንተን "ይግባ" ይጠብቃል፤ ዓመትም ቢሆን ይጠብቃል። በምትችልበት ቀን አንብበው፣ ስህተትም ካለበት አይግባ በለኝ።

ዛሬ ጠዋት ኦቦ ጃለታ ደውለው እሑድ ረቢያን ወደ ፊት፣ እኛ አጠገብ እናስቀምጣት ወይ፣ ድምጿ እንዲሰማ ብለው ጠየቁኝ። አይሆንም አልኳቸው። እናትህ በለመዱበት፣ በሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ ብሎ የሚያስጨንቃቸው ሰው አይኑር። ስልኩን እኔ እሳቸው እግር ሥር አስቀምጠዋለሁ።

ቅዳሜ ጎባ መናኸሪያ የምትጠብቃችሁ፣
ሀዋኒ